ብስክሌት ጭነን ወደ አንኮበር

ብስክሌቶቹ በረንዳ ላይ አቧራ ለብሰው ነው አይደል ያሉት? ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር ይዞሩና ይሰለቻቸዋል፤ ዋናው መንገድ ላይ እንዳይወጡ ደግሞ መኪናው ያስፈራል። እንግዲያው በዚህ ወር አንድ ሐሳብ ላቅርብላችሁ፤ ሁለት ሌሊት፣ አንድ መኪና፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብስክሌት፣ መድረሻችን አንኮበር። ስፖርተኛ መሆን አያስፈልግም። ሁለት ሰዓት ያህል ፔዳል መምታት የሚችል ጤነኛ ሰውና አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ይበቃል። ከባድም ቀላልም ያልሆነ፣ መካከለኛ የሚባል ጉዞ ነው።

መካከለኛ የሚሆነው ግን በደንብ ከታቀደ ብቻ ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ታሪኩን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን አገሩን እንየው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ከፍ ብላለች። አንኮበር ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከል ያለው አገር ገብስና ባቄላ፣ በግ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ ነው። ከፍ ዝቅ ቢልም ለዓይን ሜዳ ይመስላል። ሜዳው ቀጥሎ ቀጥሎ በድንገት ያልቃል። አፋፉ ላይ ስትደርሱ ከእግራችሁ ሥር ጋራ ከጋራ ተደራርቦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ዓይን እስከሚችለው ድረስ ይታያል። የአንኮበር ከተማ ራሷ ከዚህ አፋፍ በታች ነው ያለችው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከአፋፉ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ ሲሄዱበት ቁልቁለት፣ ሲመለሱበት ዳገት ነው። እንጦጦ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ላባችሁን ታፈሳላችሁ፣ ከዚያ እየተዝናናችሁ ትወርዳላችሁ፤ ከደከማችሁ መሪውን አዙራችሁ ወደ ቤት ነው። አንኮበር ግን አበዳሪ ናት። ጠዋት በነጻ ትሰጣለች፤ ዕዳውን የምትጠይቀው ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበት ባለቀበት፣ ጉም በሚነሳበት ሰዓት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ስንት ኪሎ ሜትር እንነዳለን ብሎ መነሳት አያዋጣም። የት ላይ ነው የምንቆመው ብሎ መነሳት ነው።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አንኮበር አድረን ጠዋት ቡና ጠጥተን፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ ቆመን ስናይ ቆየን። «እስከዚያች ቆርቆሮ ቤት ድረስ ብቻ፣ አባዬ» አለኝ። ቆርቆሮዋ ቅርብ ትመስላለች። ወረድን። ቁልቁለት ላይ ሰው ጀግና ነው! ቆርቆሮዋ ጋ ደርሰን ሌላ ቆርቆሮ ታየን። አየሩ እየሞቀ ሄደ፤ ጃኬት አወለቅን፤ ሹራብ አወለቅን። አርባ ደቂቃ ያህል ፔዳል ሳንመታ ወረድን። እኔ ከኋላው ሆኜ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ይሸተኛል፤ የመኪና ነው ብዬ አለፍሁት። የልጄ ፍሬን ነበር።

አንድ ኩርባ ላይ እጀታውን ሲጨብጠው ባዶ ሆነበት። ፈጣሪ ይመስገንና ወደ ገደሉ በኩል ሳይሆን ወደ ጋራው በኩል ነበርና በእግሩ መሬቱን እየጫረ ቦይ ውስጥ ገባ። የእጁ መዳፍ ተላጠ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤ ሌላ አልሆነም። እኔ ግን እግሬ ተንቀጠቀጠና ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የፍሬኑ ላስቲክ ከመነሻውም ሳስቶ ነበር። ከቤት ስንነሳ አላየሁትም። ጎማ ነፍቼ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቼ፣ «ተዘጋጅተናል» ብዬ ነው የወጣሁት።

ከዚያ መመለስ መጣ። በአርባ ደቂቃ የወረድነውን ብስክሌት እየገፋን ከአራት ሰዓት በላይ ወጣነው፤ ያውም ሳንጨርሰው። ውሃችን አለቀ። ስልክ አልሠራ አለ፤ ባለቤቴ ላይ ምን እንደሚያልፍ እያሰብሁ ነው የምገፋው። ጉሙ ሲወርድብን የማሽላ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ደርሶ ከነብስክሌታችን ጫነን። ሾፌሩ ገና ከመሳፈሬ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ዳገት በቅሎ እንኳ በጠዋት ነው የምትወጣው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትክክልም ነው። ይህ መንገድ የነጋዴ መንገድ ነው። ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ቆላውን አቋርጦ አልዩ አምባ ገበያ ያርፍና ወደ ሸዋ ነገሥታት መናገሻ ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ሻምበል ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ ከታጁራ ተነስቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ወደ ደጋው የገባው በዚሁ በኩል ነው። በቅሎና ግመል ይዘው ቀናት ቆጥረው የሚሄዱበትን አገር እኔ በአንድ ጠዋት በእግረ መንገድ ልጨርሰው ነበር።

ስለዚህ ዕቅዱ እንዲህ ይሁን።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ውጡና ደብረ ብርሃን እደሩ። እዚያ ማደር ጊዜ ማባከን አይምሰላችሁ፤ ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰባ በመቶ ያህሉ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የአዲስ አበባ ሰው ብዙም አይከብደው ይሆናል። ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ዘመድ፣ ይልቁንም ከውጭ አገር በዚያው ሳምንት የገባ የአክስት ልጅ ካለ ግን ሁለትና ሦስት ቀን ደጋ ላይ ቆይቶ ቢነዳ ይሻላል። ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው በዚያ ቀን ብስክሌት የለም፤ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ማታውን ደግሞ የደብረ ብርሃን አረቄ ዝነኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለመልሱ አቆዩት።

ቅዳሜ ጠዋት አትቸኩሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር መንገዱ ደረቅ ነው፤ ለዚህ ጉዞ የሚመረጠውም ያ ወቅት ነው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ በማለዳ እጅ ደንዝዞ ፍሬን አይጨብጥም። ቁርስ በልታችሁ ሁለት ሰዓት ላይ በመኪና ተነሱ። አሁን የምነግራችሁ ነገር ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል፤ በመኪናው መጀመሪያ እስከ አፋፉ ድረስ ሂዱ። ሜዳው አልቆ መንገዱ ወደ አንኮበር መውረድ ከሚጀምርበት ላይ ቁሙ፤ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዜሮ አድርጉና በመጣችሁበት ተመለሱ። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲሞላ ብስክሌቶቹን አውርዱ።

ለምን ቢሉ፣ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ልጆቹ የሚነዱበትን መንገድ አስቀድመው አዩት፤ ዳገቱ የት እንደሆነ፣ ጠጠሩ የት እንደሚበዛ ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ መቆሚያው ታወቀ። አፋፉ ላይ መኪናው ይጠብቃል፤ እዚያ ላይ ብስክሌት ይጫናል፤ ክርክር የለም። እኔ ከልጄ ጋር የተሸነፍሁት መቆሚያውን መንገድ ላይ ስደርስ እወስናለሁ ብዬ ነው። ነፋስ ፊቱን የሚመታው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ እንዲቆም አይለመንም፤ አስቀድሞ ነው የሚነገረው።

አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በዚህ ከፍታ፣ ዕረፍት ተጨምሮበት፣ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከጨረሳችሁ በኋላ ጉልበት ከተረፋችሁ በሜዳው ላይ ወደ ኋላ አምስት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱ፤ የሚጨመረው ሁሉ በላይኛው ሜዳ ላይ ይጨመር። የለመደ ጉልበት ያለው ደግሞ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ይንዳ፤ መኪናው ከኋላ ይከተለዋል። ለእሱም ቢሆን መቆሚያው አፋፉ ነው።

ብስክሌቱን ከሳምንት በፊት አዩት፤ ዋዜማው ላይ አይደለም። ከፍሬኑ ጀምሩ። የፊቱንም የኋላውንም ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ግፉት፤ ጎማው ከተሽከረከረ ፍሬን የለም ማለት ነው። ላስቲኩ ላይ ያለው መስመር ጠፍቶ ከሆነ ቀይሩት፤ ከሌላው ወጪያችሁ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር አይገባም። ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚይዘው የላስቲክ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል፤ ሲግል ይለሰልሳል፣ ይበላል፣ መያዙን ይተዋል። የዲስክ ፍሬን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ይግላል። ስለዚህ አጭር ቁልቁለት ላይም ቢሆን እጀታውን ያለማቋረጥ ጨብጣችሁ አትውረዱ። ያዝ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ሰበሩ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ። የፊቱን ብቻ ድንገት የያዘ ሰው በመሪው ላይ ይገለበጣል። ወገባችሁን ወደ ኋላ ሳብ፣ መቀመጫችሁን ትንሽ ዝቅ ማድረግም ይረዳል። የሚሸት ነገር ከሸተታችሁ ደግሞ የመኪና ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ከዚያ ማርሹ። ልጁ ትንሹን ማርሽ ማስገባት መቻሉን ቤታችሁ አጠገብ ባለ ዳገት ላይ ሞክሩት። ብዙ ልጅ ማርሽ ያለው ብስክሌት ይዞ አንዱን ብቻ ነው የሚነዳው። አንድ ቀን እንጦጦ ፓርክ ብትወጡ ጥሩ ልምምድ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት የብስክሌት መንገድም ተሠርቶለታል፣ ከፍታውም ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ የቀረበ ነው። እዚያ ሰባትና ስምንት ኪሎ ሜትር ሳያማርር የነዳ ልጅ አንኮበርን ይችላል። እዚያ ያማረረውን ግን አታስገድዱት፤ ስድስት ወር ጠብቁት።

ትርፍ ካላማዳሪያ ለእያንዳንዱ የጎማ ልክ፣ መንፊያ፣ ቁልፍ፣ ማስቲሽና ጨርቅ ያዙ። ጎሚስታ ደብረ ብርሃን ላይ አለ፤ ሜዳው መሐል ግን የለም። ሄልሜት ላይ አልከራከርም፤ የሌለው አይነዳም። ፀሐዩ ደግሞ ብርዱን አይቶ ሰው ይታለልበታል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል፤ አንገትና ጆሮ ላይ ቅባት ይቀባ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። ምግቡን በተመለከተ የታሸገ ብስኩት አትግዙ፤ ገብስ አገር እየሄዳችሁ ነው። በሶ በማር በጥብጣችሁ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፤ ቆሎ በየኪሱ። ዳገት ላይ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ቢፈለግ ከበሶ የሚበልጥ አላየሁም።

መንገድ ላይ ሰው አለ። ቅዳሜ በተለይ አህያ የጫነ ገበሬ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ለቀስተኞች ታገኛላችሁ። ከኋላ ደወል እየመታችሁ በአህያ አጠገብ አትሽከርከሩ፤ ጭነቱን ጥሎ ይሮጣል፣ ዕዳው የእናንተ ነው። ቀስ በሉ፣ «እንዴት አደራችሁ» በሉ፣ ከዚያ እለፉ። ለቀስተኛ ካለ ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ፤ ልጆቻችሁም ይማሩታል። ውሻ ከመጣ አትሩጡበት፤ ውረዱና ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መካከል አድርጋችሁ በእርጋታ ተራመዱ። ሯጭ ካላየ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ።

አፋፉ ላይ ስትደርሱ ቸኩላችሁ ብስክሌት አትጫኑ። ተቀመጡ። በገደሉ ጠርዝ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎችን የማየት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የሉም። ዳቦ አትወርውሩላቸው፤ ሣር የሚበላ እንስሳ ነው፣ ዳቦ የለመደ ደግሞ ነገ የሕፃን እጅ ይቀማል። ሌላም ትንሽ ነገር ፈልጉ፤ ድንቢጥ የምታክል፣ ቡናማ፣ ምንም የማትስብ ወፍ። የአንኮበር ሰሪን ትባላለች። ሳይንስ ያወቃት በፈረንጅ 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ በ1976 በዚሁ አካባቢ ታየች፣ ስሟም ከዚሁ ወጣ። ከሩቅ አገር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርረው እሷን ለማየት የሚመጡ አሉ። እኔ አይቻታለሁ ብዬ አልምልም፤ ልጄ ግን አይቻለሁ ይላል።

ምሳችሁን በልታችሁ ብስክሌቱን ጫኑ፤ መኪናው ወደ ከተማዋ ያውርዳችሁ። ከሰዓት በኋላ የቀድሞው ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ በእግር ውጡ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የመጡት ወደዚህ አገር ነው፤ መናገሻቸው ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ሳይዛወር በፊት እዚህ ነበሩ። ዛሬ ከድሮው የቀረው ጥቂት ነው፤ በቦታው ላይ ሎጅም ተሠርቶ ነበር። መንገዱ ደረጃና ጠባብ ነው።

እሁድ የእግር ቀን ነው። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ የሚዘረጋው ወፍ ዋሻ የሚባለው ደን ከሸዋ ጥንታዊ ደኖች የተረፈ ነው። ከታች ከ1,700 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ 3,700 ሜትር ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ደን ውስጥ ከታች ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ጥድና ኮሶ፣ ጫፉ ላይ አስታና ጅብራ ታያላችሁ። ጉሬዛም አለ፤ ድኩላም። ብስክሌታችሁን ይዛችሁ መግባት ትፈልጉ ይሆናል፤ እኔ አልመክርም። የእግር መንገዱ ቁልቁል ነው፣ የብስክሌት ጎማ የሚቀደው ቦይ በክረምት ጎርፍ ይሆናል፤ መንገዱ ደግሞ እንጨትና ውሃ ተሸክመው ለሚመላለሱ ሰዎች ነው። ከወረዳው ጠይቃችሁ የአገሩን ሰው መሪ አድርጋችሁ ግቡ፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሳትከራከሩ ክፈሉ። ሁለት ሰዓት ግቡ፣ ሁለት ሰዓት ውጡ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት መኪና ጋ ድረሱ። ጉሙ ከቆላው ሲነሳ ሦስት ሜትር ፊታችሁን አታዩም።

የመጨረሻው ነገር መጀመሪያ መባል የነበረበት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት እዚያው ለሚኖር ሰው ወይም ለዘመድ ደውላችሁ የጸጥታውንና የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። አንድ ሰው «ሰላም ነው» ቢል አይበቃም፤ ሁለት ሰው ጠይቁ። «ትንሽ ቆዩ» ከተባላችሁ ልጆቹ ቢያለቅሱም ቆዩ።

ያኔ ብስክሌቱን አታውርዱት። ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል የመናገሻ ሱባ ደን አለላችሁ። የዚያ ጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ የመጣ ነው ይባላል፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት፣ አስመጥተው አስተከሉት ይላል ትውፊቱ። እዚያም ዳገት አለ፤ ግን ስትገቡ ወደ ላይ፣ ስትመለሱ ወደ ታች ነው። ልጄ አሁን ሃያ ሊሞላው ነው፤ ባለፈው ወደዚያ ስንሄድ መኪና ላይ ከመጫናችን በፊት ጎንበስ ብሎ የእኔን ፍሬን ሲያይ አገኘሁት። «አባዬ፣ የኋላው ሊቀየር ነው» አለኝ። አስቀየርሁት።